አሲድን ከውኃ ውጭ የፈለጉት ፕሮፌሰር ፍራንክሊን

ከፎልስ ቸርች ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ለተሻገረ ሰው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ወደ ቤተስዳ ከመዛወሩ በፊት የነበረበት የዋሽንግተን ሠፈር ሩቅ አይደለም። ተቋሙ ሃይጂኒክ ላቦራቶሪ ይባል በነበረበት ዘመን፣ እ.አ.አ ከ1911 እስከ 1913፣ የኬሚስትሪ ክፍሉን የመሩት ኤድዋርድ ከርቲስ ፍራንክሊን ነበሩ። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ግን በሌላ ሥራ ነው።

ፍራንክሊን በ1862 በካንሳስ ተወለዱ። በ1894 በጆንስ ሆፕኪንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። በዚያ ዘመን የጨውና የአሲድ ትምህርት የውኃ ትምህርት ነበር ማለት ይቻላል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ጨው በውኃ ሲሟሟ አዮን ወደሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች እንደሚለያይ አስተምረዋል። ይህ ችሎታ የውኃ ብቻ ነውን?

መልሱ የተጀመረው በካንሳስ ነው። ሃሚልተን ኬዲ በፈሳሽ አሞኒያ የሟሙ ጨዎች ኤሌክትሪክ በደንብ እንደሚያስተላልፉ በ1897 አሳወቀ። አሞኒያ ያን ጊዜ በበረዶ ፋብሪካዎች ለማቀዝቀዣነት የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚፈላና ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ለሥራ አይመችም። በመስታወት ነፊነታቸው የተደነቁት ፍራንክሊን ግን ሙከራውን በታሸጉ ቱቦዎች ውስጥ ቀጠሉ።

ያገኙት የለመዱትን የሚገለብጥ ነበር። በውኃ ውስጥ ባሪየም ክሎራይድና ሲልቨር ናይትሬት ሲቀላቀሉ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ይዘቅጣል። በፈሳሽ አሞኒያ ሲልቨር ክሎራይድ ይሟሟል፤ የሚዘቅጠው ባሪየም ክሎራይድ ነው። በውኃ ዘንድ ተራ ጨው የሆነው አሞኒየም ክሎራይድም በአሞኒያ ውስጥ እንደ አሲድ ማግኒዥየምን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ፖታሲየም አማይድ በበኩሉ በውኃ ውስጥ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የያዘውን የቤዝ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ አሲድነት የንጥረ ነገሩ ብቻ ሳይሆን የሟሚውም ጉዳይ ሆነ። ፍራንክሊን ይህን ሥርዓት በ1905 በሰፊው አቀረቡ።

በ1903 ወደ ስታንፎርድ ተዛውረው ነበር፤ ከዋሽንግተኑ ቆይታ በኋላም ወደዚያው ተመለሱ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩበት በ1923፣ ዴንማርካዊው ብሮንስተድና እንግሊዛዊው ላውሪ በየፊናቸው አሲድን ፕሮቶን ሰጪ ብለው ተረጐሙ። በትምህርት ቤቶች የገነነው ይኸኛው ነው። ፍራንክሊን ግን ከአሞኒያቸው አልተለዩም፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የያዘው ስለ ናይትሮጅን ውሁዶች የጻፉት መጽሐፍ በ1935 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1937 በካሊፎርኒያ አረፉ።