የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1632 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ዴልፍት በምትባል ከተማ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ላቲንም አያውቅም፤ ሥራው ጨርቅ መነገድ ነበር። ዳሩ ግን በገዛ እጁ መስተዋት እየሞረደ፣ ነገርን ከ200 እጥፍ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሠራ። በ1676 በውሃ ውስጥ ስላያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ለለንደን የሳይንስ ማኅበር ቢጽፍ ተጠራጠሩት፤ በ1677 ግን ሮበርት ሁክ ራሱ አይቶ እውነትነቱን አረጋገጠለት።

በ1683 ሌቨንሁክ ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ እድፍ ሲመረምር ሕይወት ያላቸው ብዙ ፍጥረታት አየበት። እድፉን ከሆምጣጤ ጋር ቢቀላቅለው ወዲያው ሞቱ። አፉን በሆምጣጤ ቢጉመጠመጥ ግን በእድፉ ውስጥ የነበሩት ተረፉ፤ ሆምጣጤው ከላይ ካሉት አልፎ ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀም ተገነዘበ።

የነገሩ ምሥጢር የተገለጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ባክቴሪያዎች በጥርስ ወይም በሰውነት ሕዋስ ላይ ከተጣበቁ በኋላ ሙጫ መሰል ነገር አመንጭተው በዚያ ይሸሸጋሉ፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ለጥርስ መጉመጥመጥ ብቻ አይበቃም፤ መፋቅ ያስፈልጋል።

ሌቨንሁክ በ1723 በ90 ዓመቱ አረፈ። ማዕረጉ ትጋቱ ነበር።