ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ፤ ከንድፍ ክፍል እስከ ልብ ወለድ

የሰው ልጅ ከራሱ ኅሊና ጋር የሚያደርገውን ሙግት በልብ ወለድ ከገለጹ ደራስያን መካከል ሩሲያዊው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በትምህርቱ መሐንዲስ እንደ ነበር ግን ብዙዎች አያስታውሱም።

ዶስቶየቭስኪ በ1821 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞስኮ ከተማ፣ አባቱ በሐኪምነት ያገለግል በነበረበት የድሆች ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተወለደ። እናቱ በ1837 ስትሞት አባቱ አስተማማኝ እንጀራ እንዲያገኝ በማሰብ ወደ ፒተርስበርግ ላከው፤ በ1838ም ከወታደራዊው የምህንድስና ትምህርት ቤት ገባ። ልቡ ከምሽግ አሠራር ይልቅ ወደ ሺለርና ወደ ባልዛክ ድርሰቶች ያደላ ስለ ነበር፣ በ1843 ተመርቆ በምህንድስናው መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ በ1844 ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። ቋሚ ደመወዙን ትቶ የመረጠው ብዕር ‹‹ድሆች›› በተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1846 ዝናን አተረፈለት።

ዳሩ ግን ዝናው ሥር ሳይሰድ መከራ ደረሰበት። ስለ ገባሮች ነፃነት ከሚወያዩና የተከለከሉ ጽሑፎችን ከሚያነቡ ወጣቶች ጋር በ1849 ተይዞ ሞት ተፈረደበት። በታኅሣሥ ወር ከአደባባይ ወጥተው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከግንድ ታስረው፣ እርሱም ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ቅጣቱ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መለወጡ ተነገረ። ቀጥሎም በሳይቤሪያ በኦምስክ ወህኒ አራት ዓመት እግሩ በብረት ታስሮ የጉልበት ሥራ ሠራ፤ ከዚያም ተራ ወታደር ሆኖ አገለገለ። ከነፍሰ ገዳዮች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር፣ ወንጀሉ ብቻ የሰውየውን ማንነት እንደማይገልጽ ተረዳ። የኋለኞቹ ድርሰቶቹ መሠረት ይህ ነው።

በ1864 ሚስቱም ወንድሙም ሞቱበት፤ የወንድሙ ዕዳና ቤተሰብ በጫንቃው ላይ ወደቀ። ‹‹ወንጀልና ቅጣት›› የተጻፈው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው። በ1865 መጨረሻ ብዙ የጻፈውን ረቂቅ አልረካበትምና አቃጥሎ፣ በአዲስ ዕቅድ እንደገና ጀመረ። የመጽሐፉ ባለታሪክ ራስኮልኒኮቭ ታላቅ ሰው ከሕግ በላይ ነው በሚል ሐሳብ ተነሣሥቶ አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊት ይገድላል፤ ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ሲያሰላ ኖሮ ኅሊናው ግን ስሌቱን ያፈርስበታል። መርማሪው ቢከታተለውም፣ ወደ ኑዛዜ የሚወስደውን መንገድ በእግሩ የሚሄደው እርሱ ራሱ ነው።

ይህ ሥራ ገና ሳያልቅ ሌላ ግዴታ ተደረበበት። እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ የድርሰቶቹን መብት ለዘጠኝ ዓመት እንዲያጣ ከአሳታሚ ጋር ተዋውሎ ነበር። የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ የሆነችውን አና ስኒትኪናን ቀጥሮ ‹‹ቁማርተኛው››ን በ26 ቀን ጽፎ አስረከበ፤ በተከታዩም ዓመት አናን አገባ።

የሚያስገርመው፣ የቁማርን ሱስ ያን ያህል አጥርቶ የገለጸው ሰው ራሱ ከሱሱ የተላቀቀው በ1871 መሆኑ ነው። ድካሙን ማወቁ ብቻ ከድካሙ አላዳነውም፤ ዳሩ ግን ዕዳ፣ የሚጥል በሽታና የሕፃን ሴት ልጁ ሞት እየተፈራረቁበት መጻፉን አላቋረጠም። በ1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጁ አልዮሻ በአባቱ ዓይነት በሽታ ሞተ። ዶስቶየቭስኪ በ1880 በፈጸመው ‹‹የካራማዞቭ ወንድማማቾች›› ለገሩ ባለታሪክ የዚህን ሕፃን ስም ሰጠው። በዚያው መጽሐፍ ኢቫን የተባለው ወንድም የሕፃናትን ሥቃይ አንሥቶ ከፈጣሪ ጋር ይሟገታል። ደራሲው አማኝ ሆኖ ሳለ የተቃዋሚውን ክርክር አላዳከመውም፤ ሐዘኑም ጥርጣሬውም በሙሉ ክብደታቸው እንዲነገሩ ፈቀደ።

በ1881 መጀመሪያ ላይ በ59 ዓመቱ ሲያርፍ የአልዮሻን ታሪክ በሌላ መጽሐፍ ለመቀጠል አስቦ ነበር። ያ ሥራ ሳይጻፍ ቀረ።