ከዛፍ ሥር የተመለሰው ልጅ፦ የቅዱስ ያሬድ ሕፃንነት

ቤተ ልሔም ሲባል ሁላችንም ጌታችን የተወለደባትን የይሁዳን ከተማ እናስባለን። በአገራችንም በጋይንት ምድር ሌላ ቤተ ልሔም አለች፤ እርስዋም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በየአድባራቱ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ለመምህርነት የሚያበቃውን ምስክርነት ለመቀበል ወደ እርስዋ ይሄዳል። በዚያው በጋይንት ያለው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። የእነዚህ ሁሉ ዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ መሆኑ የታወቀ ነው። በግዕዝ ሥርዓት የምንገለገል ካቶሊካውያንም ቅዳሴያችንን የምናደርሰው በእርሱ ዜማ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ሊቁ ሳይሆን ትምህርት አልገባ ስላለው ሕፃን እንናገራለን፤ እንዲህ ያለ ልጅ በየቤታችን አለና።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ እንዲያሳድግላትና እንዲያስተምርላት ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የሚያገለግል ካህንና የመጻሕፍት መምህር ነበር። ልጁን መዝሙረ ዳዊት ማስተማር ቢጀምር ቃሉ በልቡ አልያዝለት አለ። መምህሩም ገሠጸው፤ በመጨረሻም ገረፈው። ያሬድ ሕመሙ ቢጸናበት ከቤት ወጥቶ ኮበለለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ጌዴዎን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሙት ልጅ አደራ ተቀብሎ ለቁም ነገር ሊያበቃው የሚደክም አሳዳጊ ነበር። ነገር ግን በትሩ ልጁን ከቤት አስወጣው እንጂ ዕውቀት አልጨመረለትም። እኛም ጸሎት በቃሉ መያዝ ያቃተውን ሕፃን በጓደኞቹ ፊት ገሥጸን፣ በሚቀጥለው እሑድ ቦታውን ባዶ ያገኘንበት ጊዜ አለ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ ያሬድ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ደርሶ ፍሬውን በላ። ልጁ የራሱን ድካም በዚያ ፍጥረት ትጋት መዘነና አለቀሰ። ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና እንዲያስተምረው ለመነ።

የታሪኩ ሁሉ መሠረት ያለው በዚህች ሰዓት ላይ ይመስለናል። ጌዴዎን በኵብለላው ተቀይሞ ደጁን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የትሉ ትምህርት ከዛፉ ሥር በቀረ ነበር። እርሱ ግን ተቀበለው። ያሬድም በዕንባ ጸለየ፤ ልቡናው ተከፈተለት፤ መጻሕፍትን ተምሮ ለዲቁና በቃ። ከዚያም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ከፍተኛ ክብር ቢያገኝም ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ዕድሜውን በብሕትውና ፈጸመ።

ዜማው በምልክት የተጻፈው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ድካም ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። የሚታገሥ መምህርና የሚመለስ ተማሪ ባይኖሩ ይህ ባልሆነም ነበር።

ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ሥርዓት የሌለው ቤት ልጅ አያሳድግም። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጉ አዟል። ስለዚህ ከመቅጣታችን በፊት ልጁ ለምን እንደ ከበደው እንጠይቅ። ትጋትን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራችን እናሳየው፤ ሕፃን ካየው ይማራልና። አጥፍቶ ሲመለስም ደጃችን ክፍት ይሁን።

የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ ግንቦት 11 ቀን ነው። በዚያች ምሽት ልጆቻችንን ሰብስበን የትሉን ታሪክ እንንገራቸው፤ ጌዴዎን ልጁን መልሶ መቀበሉንም አንርሳ። የቅዱሱ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።