ዙበይዳ ቢንት ጀዕፈርና የመካ ውሃ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ገንዘብ በእጅ ሳለ የባለቤቱ ይመስላል፤ ለአኺራ የሚተርፈው ግን ለአላህ ተብሎ የተሰጠው ነው። ይህንንም ከዙበይዳ ሕይወት እንማር።

ዙበይዳ የኸሊፋው የአቡ ጀዕፈር አል-መንሱር የልጅ ልጅ፣ የሃሩን አር-ረሺድም ሚስት ነበረች። በባግዳድ በክብርና በድሎት ኖረች። በቤተ መንግሥቷም ቁርአን የሚቀሩ መቶ ልጃገረዶች እንደ ነበሩ፣ የቅራአታቸውም ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማ እንደ ነበር ይተረካል።

ለሐጅ በሄደች ጊዜ መካን የውሃ ጥማት አስጨንቋት አገኘች። አንድ ስልቻ ውሃ እስከ አንድ የወርቅ ዲናር ይሸጥ ነበር። ባለጸጋው ከፍሎ ይጠጣል፤ ድኻውና መንገደኛው ግን ከምን ያምጣ? ስለዚህ ከሑነይን ሸለቆ ምንጭ ወደ መካ ውሃ እንዲሳብ አዘዘች። ቦታውንም በገንዘቧ ገዛችው እንጂ ከባለቤቱ አልቀማችም። ባለሙያዎቹ የተራራውን ድንጋይና የወጪውን ብዛት ቢያስረዷት፣ የእያንዳንዱ መቆፈሪያ ምት ዋጋ አንድ ዲናር ቢሆን እንኳ ሥራው እንዳይቆም አጸናች። ቦዩም ውሃው በራሱ ቁልቁለት እንዲወርድ ሆኖ ተሠራ። ወጪው 1,700,000 ዲናር እንደ ደረሰ ተጽፏል። ከኩፋ እስከ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የሐጅ መንገድም ጉድጓዶችና ኩሬዎች አሠራች።

ጸሐፊዎቹ የሒሳቡን መዝገብ ባመጡላት ጊዜ ወደ ጤግሮስ ወንዝ ጣለችው፤ ሒሳቡን ለሒሳቡ ቀን ትታ፣ ገንዘብ የተረፈው እንዲይዘው፣ ያልተከፈለው እንዲከፈለው አዘዘች ይባላል።

ልጇ ኸሊፋው አል-አሚን በ198 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 813) ተገደለ። እርሷም በ216 (እ.ኤ.አ. 831) በባግዳድ አረፈች። መንግሥቱ አለፈ፤ ውሃው ግን ቀረ። ጎርፍና ደለል ቦዩን በደፈኑት ቁጥር ሌሎች ጠገኑት፤ የዑስማንያው ሱልጣን የሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ያስጀመረችውም ታላቅ እድሳት በ979 ዓመተ ሒጅራ ተፈጸመ።

እንግዲህ ነጋዴዎች ሆይ! በከተማ ዳር ውሃ የሚገዛ ድኻ ጎረቤት ያለው ሰው የዙበይዳን ሀብት አይጠብቅ። ጉድጓድ የሚያስቆፍር ያስቆፍር፤ ያላቅሙ የቆየውን ይጠግን፤ የሠራም ማደሻውን አብሮ ያስቀምጥ። ውሃው እስከ ፈሰሰ ድረስ ምንዳው አይቋረጥምና። አላህ ለዙበይዳ ይዘንላት፤ ሰደቃችንንም ይቀበለን። አሚን።