የክፍት ቦታዎች ተሟጋች ኦክታቪያ ሂል (1838–1912)

ወይዘሪት ኦክታቪያ ሂል እ.ኤ.አ. በ1838 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ዊዝቢች በተባለች ከተማ ተወለዱ። የእህል ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለከሰሩ እናታቸው ልጆቹን ይዘው በለንደን አቅራቢያ ወደምትገኘው የፊንችሊ መንደር ሄዱ። ኦክታቪያ በሜዳ ላይ ካደጉ በኋላ በ14 ዓመታቸው ለንደን ገብተው አሻንጉሊት የሚሠሩ የድሃ ልጆችን ማስተባበር ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1865 ዕውቁ ጸሐፊ ጆን ረስኪን በሜሪልቦን ሦስት ያረጁ ቤቶችን ገዝተው አስተዳደሩን ለእርሳቸው ሰጡ። ኪራዩ በየሳምንቱ ከቤት ቤት እየተዞረ ይሰበሰብ ነበር። ኦክታቪያ ውዝፍ አይታገሡም፤ የተበላሸውን ቤት ግን ያስጠግናሉ። ይሁንና ቤቱ ቢጠገንም ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ፣ ሠራተኛው በዕረፍቱ ቀን ነፋስ የሚቀበልበት ስፍራ በአቅራቢያው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1875 በሰሜን ለንደን ለእርሻና ለሣር ይውል የነበረው የስዊስ ኮቴጅ ሜዳ ለቤት ግንባታ ሊሰጥ ሆነ። ኦክታቪያ መሬቱን ገዝቶ ለሕዝብ ለማቆየት መዋጮ አሰባሰቡ፤ ነገር ግን ባለንብረቶቹ ሐሳባቸውን ለወጡና ሜዳው በቤቶች ተሸፈነ። ሽንፈቱ ከባድ ነበር። መሬትን በሕዝብ ስም ይዞ የሚያቆይ ሕጋዊ አካል እንደሚያስፈልግ የታየውም በእንዲህ ያለው ትግል ውስጥ ነው። በተባበረ ጥረት የፓርላማ ሂል ሜዳዎች እ.ኤ.አ. በ1889 ከሃምፕስቴድ ሂዝ ጋር ተቀላቀሉ።

እ.ኤ.አ. በ1895 ኦክታቪያ ከሕግ ባለሙያው ሮበርት ሃንተርና ከቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ጋር ናሽናል ትረስት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያው ይዞታ በዌልስ፣ ከባርመዝ ከተማ በላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚመለከተው ዲናስ ኦሌይ ነው፤ ፋኒ ታልቦት የተባሉ ወይዘሮ በስጦታ ያበረከቱት፣ ስፋቱም 2 ሄክታር ያህል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርጅቱ መሬቱን አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጠው። በስዊስ ኮቴጅ የጎደለው ይኸው ነበር።

ኦክታቪያ በሁሉም ጉዳይ ከዘመናቸው የቀደሙ አልነበሩም፤ የሴቶችን የመምረጥ መብት ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ. በ1912 ዐርፈው በኬንት ገጠር፣ በክሮክሃም ሂል ተቀበሩ። ደራሲዋ ቢያትሪክስ ፖተር እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሞቱ ከ1600 ሄክታር በላይ የእርሻና የግጦሽ መሬታቸውን የተናዘዙት ለዚሁ ድርጅት ነው።