አልፍሬድ ሬድፊልድና የባሕር ሚዛን

የቡራዩና የሰበታ ውኃ ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከእንጦጦ በስተሰሜን የሱሉልታን ሜዳ የሚያጠጣው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የዓባይም መዳረሻ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ወንዝ ለባሕር የሚያበረክተውን ለመረዳት የአልፍሬድ ክላረንስ ሬድፊልድን ሕይወትና ሥራ ማወቅ ይጠቅመናል።

ሬድፊልድ በ1890 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ተወለዱ። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ። ቀደምት ምርምራቸው በአንዳንድ የባሕር እንስሳት ደም ውስጥ ኦክስጅንን ስለሚያጓጉዘው፣ መዳብ ስላዘለው ሰማያዊ ቀለም ነበር። በ1930 የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ግን ፊታቸውን ከእንስሳት ደም ወደ ውቅያኖሱ አዞሩ።

በ1934 ያሳተሙት ጥናት ስማቸውን አስጠራ። በባሕር ውኃ ውስጥ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ምጣኔ፣ ፕላንክተን በተባሉት ተንሳፋፊ ደቂቅ ሕያዋን አካል ካለው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። በኋላ በተደረገው እርማት ምጣኔው 106 ካርቦን፣ 16 ናይትሮጅን፣ 1 ፎስፎረስ ሆኖ ጸና። በ1958 ባወጡት ጽሑፍም ሕይወት የባሕሩን ኬሚስትሪ ራሷ እንደምትቀርጸው አስረዱ። ናይትሮጅን ከአየር ሊገኝ ይችላል፤ ፎስፎረስ ግን ከዐለትና ከአፈር ታጥቦ ካልመጣ ምትክ የለውም።

ይህ ፎስፎረስ ሲጎድል ደቂቅ ሕያዋኑ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለውን ኢንዛይም አብዝተው ያመነጫሉ። ኢንዛይሙም በሕያዋን ቅሪት ውስጥ የታሰረውን ፎስፌት ቆርጦ ይፈታል። ስለዚህ የኢንዛይሙ ሥራ ከፍ ብሎ ሲለካ የባሕሩ ረኀብ ምልክት ነው። ምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን በዚህ ረኀብ የታወቀ ነው፤ በጥልቁ ለ1 ፎስፎረስ 28 ያህል ናይትሮጅን ይገኛል።

ቀድሞ የዓባይ ሙላት የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ የግብፅን ባሕር ዳርቻ ይመግብ ነበር። ከ1964 ጀምሮ የአስዋን ግድብ ሙላቱን ሲያስቀር፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው ሲያገግም የረዳው በአብዛኛው የማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ እንደሆነ ይታመናል።

ሬድፊልድ በ1983 በ92 ዓመታቸው አረፉ። እኛ መሐንዲሶች ውኃን በሜትር ኩብ መስፈር ለምደናል። የሱሉልታ ማሳ በክረምት ጎርፍ ሲታጠብ ግን ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ፎስፎረስ አብሮ ይሄዳል። ይህ ሊቅ እንዳስተማሩን፣ ውኃውን ከነጭነቱ ካልለካነው ሒሳባችን ጎደሎ ነው።