ጌዮርግ ኬስለርና የጀርመን አረፋማ ወይን ጠጅ

በግብዣ ላይ ቡሹ ጧ ብሎ የሚፈናጠረው መጠጥ ሁሉ የፈረንሳይ ሻምፓኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጀርመኖች ግን ዜክት የሚሉት የራሳቸው አረፋማ ወይን ጠጅ አላቸው፤ አብዛኛውም ከሻምፓኝ በዋጋው ይረክሳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣውን የጌዮርግ ክርስቲያን ኬስለርን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኬስለር በ1787 በኔካር ወንዝ ዳር ባለችው በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። በ1807 በፈረንሳይ አገር በራንስ ከተማ በወይዘሮ ክሊኮ የሻምፓኝ ንግድ ቤት ተቀጠረ። ወይዘሮዋ ባላቸው በ1805 ስለ ሞቱባቸው ንግዱን ራሳቸው ይመሩት ነበር። ዘመኑ የናፖሌዎን ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ገበያው ተዘግቶ ቤቱ ብዙ ተቸገረ። በ1814 ሻምፓኙ በመርከብ ወደ ሩሲያ ሲላክ ግን ዕድሉ ተከፈተ። ኬስለርም በትጋቱ ከፍ እያለ ሄዶ የንግዱ ሸሪክ ለመሆን በቃ።

እዚያ ያየው ጥበብ ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ የፈላው ወይን ጠጅ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላል፤ ጋዙም መውጫ አጥቶ ከመጠጡ ጋር ይቀራል። ጠርሙሱ ደካማ ከሆነ ይፈነዳል፤ ባይፈነዳም አተላው መጠጡን ያደፈርሰዋል። በክሊኮ ምድር ቤት በ1816 ገደማ ጠርሙሶቹን በተበሳ ጠረጴዛ ላይ አፋቸውን ቁልቁል ሰክቶ ጥቂት በጥቂት በማዞር አተላውን ወደ ቡሹ የመሰብሰብ ዘዴ ተገኘ።

በ1826 ኬስለር ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቶ ሳለ ያን የከበረ ቤት ትቶ ወደ አገሩ ገባና በኤስሊንገን ከተማ ጌዮርጊ ከተባለ ሸሪክ ጋር የራሱን ቤት አቋቋመ። ድፍረቱ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። ገዢው የሚያምነው የፈረንሳይን ስም ነው፤ በእጁ ያለው ግን በቀዝቃዛ አገር የበቀለ የኔካር ወይን ነው። ይሁን እንጂ የቀዝቃዛ አገር ወይን ኮምጣጣነት ለተራው ወይን ጠጅ ጉድለት ቢመስልም አረፋማውን ሕያው የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሪዝሊንግ ከተባለው ነጭ ወይን የሚሠራው ዜክት ዛሬ የሚወደደው በዚሁ ጠባዩ ነው። ቀዝቅዞ ሲቀመስ የአረንጓዴ ፖምና የሎሚ ጣዕም ይሰጣል። ጨው የበዛበት አይብ፣ የተጠበሰ ዓሣና በዘይት የተጠበሰ ድንች ይስማሙታል፤ በጣፋጭ ኬክ ግን መጠጡ ይጎመዝዛል። ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በጠርሙሱ ላይ ትሮከን የሚለው ቃል ደረቅ ማለት ቢሆንም በሊትር ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር ይፈቅዳል። ስኳር የማይወድ ከ12 ግራም በታች የሆነውን ብሩት ይፈልግ። ርካሹ በትልቅ ጋን የሚፈላው ነው፤ ወይን አብቃዮች ራሳቸው በጠርሙስ የሚያፈሉት ቢያንስ ዘጠኝ ወር ከእርሾው ጋር ስለሚቆይ ዋጋው ከፍ ይላል። በሁሉም ላይ በ1902 ለጦር መርከቦች ተብሎ የተጣለው ግብር አለ፤ በ1933 ቀርቶ በ1939 ተመልሷል። መርከቦቹ ከጠፉ ቆይተዋል።

ኬስለር በ1841 ከቩርተምበርግ ንጉሥ የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው፤ በሚከተለውም ዓመት ሞተ። ያቋቋመው ቤት በጀርመን ካሉት የዜክት ቤቶች ሁሉ የቆየው ሲሆን አሁንም በኤስሊንገን ይሠራል።